ደረቱን የተመታ ወጣት «ደህና ነው» ከመባሉ በፊት፦ ግልጽ ደብዳቤ ለኢትዮጵያ እግር ኳስ ፌዴሬሽን፣ ለትምህርት ቤት ርዕሰ መምህራንና ለድንገተኛ ክፍል ኃላፊዎች

የተከበራችሁ፣

ይህን ደብዳቤ የምንጽፍላችሁ በድንገተኛና በልብ ሕክምና ላይ የምንሠራ ባለሙያዎች ነን። ቆዳው ሳይበሳ፣ አጥንቱም ሳይሰበር ደረቱን የተመታ ልጅ ወይም ወጣት ልቡ ሊጎዳ ይችላል። ጉዳቱ አንዳንዴ ሜዳ ላይ በደቂቃዎች ይገድላል፤ አንዳንዴ ደግሞ ልጁ በእግሩ ሄዶ ቤቱ ከገባ በኋላ፣ በሰዓታት ወይም በቀናት ውስጥ ይገለጣል። ለሦስታችሁም በአንድ ደብዳቤ መጻፍን የመረጥነው፣ ሜዳ ላይ የባከነውን ደቂቃ ሆስፒታል ስለማይመልሰው፣ ሆስፒታል ያለፈውንም ጉዳት አሰልጣኝ ሊያውቀው ስለማይችል ነው።

ወጣት መሆን ከዚህ ጉዳት አያድንም፤ እንዲያውም ያጋልጣል። በዕድሜ የገፋ ሰው ደረቱን ሲመታ ጎድኑ ይሰበርና ስብራቱ ራሱ የምቱን ጉልበት ይቀንሰዋል። የልጅና የወጣት ጎድን ግን እንደ እርጥብ አርጩሜ ይታጠፍና ይመለሳል። ጉልበቱ ታዲያ የትም አይጠፋም፤ በፍርምባና በአከርካሪ መካከል ወዳለው ልብ ያልፋል። ከሁሉ በፊት የሚያገኘውም ከፍርምባው በስተጀርባ የተለጠፈውን የቀኝ ታችኛ የልብ ክፍል ነው። «ራጅ ተነሥቶ ምንም ስብራት የለውም» ማለት ስለ አጥንቱ የተነገረ ነው፤ ስለ ልቡ የሚለው ነገር የለም።

እዚህ ላይ ሁለት የተለያዩ ነገሮችን መለየት ያስፈልጋል። የመጀመሪያው ኮሞሺዮ ኮርዲስ ይባላል። በዚህ ልብ አይቀደድም፣ አይደማም፣ አይቆስልም፤ የሚመታው የኤሌክትሪክ ሥርዓቱ ነው። ልብ ከእያንዳንዱ ምት በኋላ ኤሌክትሪኩን መልሶ ሲያዘጋጅ፣ የልብን ኤሌክትሪክ በሚስለው ኢሲጂ ላይ ቲ የምትባለው ሞገድ ወደ ላይ በምትወጣበት ቅጽበት፣ ወደ 20 ሚሊሰከንድ የምትጠጋ የጊዜ ቀዳዳ አለች። ምቱ በትክክል በልብ ትይዩ፣ በትክክል በዚያች ቀዳዳ ላይ ካረፈ የታችኛው የልብ ክፍል መርገብገብ ይጀምራል፤ ይንቀጠቀጣል እንጂ ደም አይረጭም። አሜሪካ ውስጥ በማርክ ሊንክና ባልደረቦቹ በአሳማዎች ላይ የተሠሩት ሙከራዎች፣ የመጀመሪያው ውጤት እ.ኤ.አ. በ1998 የታተመው፣ ይህንን በግልጽ አሳይተዋል። በሙከራዎቹ እጅግ አደገኛ ሆኖ የተገኘው ፍጥነት በሰዓት ወደ 64 ኪሎ ሜትር ነው፤ ይህ የአንድ ጎረምሳ ውርወራ ነው። ኳሱ ትንሽና ጠንካራ በሆነ ቁጥር አደጋው ይጨምራል፤ አየር የተሞላው ትልቅ ኳስ የሚያስከትለው አደጋ ዝቅተኛ ነው።

ስለዚህ በእኛ ሜዳዎች ከኳሱ ይልቅ የሚያሳስበን የግብ ጠባቂው ጉልበት፣ የተከላካዩ ክርን፣ በካራቴና በቴኳንዶ ስልጠና ላይ የሚሰነዘር ቡጢ፣ በገና ጨዋታ ከእንጨት የተጠረበው ሩር ነው። በአሜሪካ ሚኒያፖሊስ የተቋቋመው የኮሞሺዮ ኮርዲስ መዝገብ የሚያሳየው ተጎጂዎቹ በአብዛኛው ወንዶች፣ አማካይ ዕድሜያቸውም 15 ዓመት ገደማ መሆኑን ነው። መዝገቡ ውስጥ ከስፖርት ውጪ የሆኑም አሉ፦ በጓደኛሞች መካከል በጨዋታ የተሰነዘረ ቡጢ፣ ልጅን «ለመቅጣት» ደረቱ ላይ ያረፈ ምት። ርዕሰ መምህራን ይህቺን የመጨረሻዋን ለመምህራንና ለወላጆች በስብሰባ ላይ በአፍ ሙሉ እንድትነግሩልን እንለምናለን።

ሁለተኛው ዓይነት እውነተኛ የአካል ጉዳት ነው፦ የልብ ጡንቻ መቀጥቀጥ፣ የቫልቭ (የልብ በር) መበጠስ፣ የልብ የደም ሥር መሰንጠቅ፣ በልብ ሽፋን ውስጥ ደም መጠራቀም። ይህ የሚመጣው ከፍ ካለ ጉልበት ነው፤ ቀበቶ ያላሰረ የሚኒባስ ሹፌር ከመሪው ጋር ሲጋጭ፣ የባጃጅ ወይም የሞተር መሪ ደረትን ሲመታ፣ ፈረስ ወይም በቅሎ ሲራገጥ፣ የግንባታ ሠራተኛ ከፎቅ ሲወድቅ። ወደዚህኛው እንመለሳለን። መጀመሪያ ሜዳውን እንጨርስ።

ለእግር ኳስ ፌዴሬሽኑ በተለይ የምንለው አለን። በእግር ኳስ ሕክምና ሥልጠና ላይ በትክክል የሚሰጥ አንድ መርህ አለ፦ ከማንም ጋር ሳይነካካ የወደቀና የማይመልስ ተጫዋች ልቡ ቆሟል ብለህ ተነሣ። መርሁ ብዙ ሕይወት አትርፏል። ነገር ግን ተጫዋቹ ተነካክቶ ሲወድቅ ሁሉም ሰው ምክንያቱን ያወቀ ይመስለዋል። «ትንፋሹ ተቋርጦ ነው»፣ «ራሱን ስቶ ነው»፣ «ሰዓት እየገደለ ነው» ይባላል። ኮሞሺዮ ኮርዲስ የሚደበቀው እዚህ ነው። ስለዚህ መርሁ ላይ አንድ ዓረፍተ ነገር እንዲጨመር እንጠይቃለን፦ ደረቱን ተመትቶ የወደቀና ሲጠሩት የማይመልስ ተጫዋችም ልቡ ቆሟል ተብሎ ይታሰብ።

ዓለም ያየው ምሳሌ አለ። ጃንዋሪ 2 ቀን 2023 እ.ኤ.አ. በሲንሲናቲ፣ የአሜሪካ ፉትቦል ተጫዋቹ ዳማር ሃምሊን ሌላውን ለመያዝ ሲጋጭ ደረቱን ተመታ። ተነሥቶ ቆመ። ወዲያው ወደ ኋላው ወደቀ። ዕድሜው 24 ነበር። የሕክምና ቡድኑ እዚያው ሣሩ ላይ ደረቱን መጫን ጀመረ፣ ልብን በኤሌክትሪክ ሾክ ወደ ምቱ የሚመልሰውን ዲፊብሪሌተርም ተጠቀመ፤ ወደ አምቡላንስ የተወሰደው ከዚያ በኋላ ነው። በኤፕሪል ሐኪሞቹ ኮሞሺዮ ኮርዲስ እንደነበር አረጋግጠው እንዲጫወት ፈቀዱለት፤ በዚያው ዓመትም ወደ ሜዳ ተመለሰ። የእግር ኳስ ተመልካቻችን ይበልጥ የሚያስታውሰው ክሪስቲያን ኤሪክሰንን ነው፤ እሱ በሰኔ 2021 እ.ኤ.አ. ኮፐንሃገን ላይ ሲወድቅ ደረቱን የመታው ሰው አልነበረም፣ የሁለቱ መነሻ ይለያያል። ያዳናቸው ግን አንድ ነው፦ ባለበት ቦታ፣ በዚያው ደቂቃ የተጀመረ የደረት ጫና እና ዲፊብሪሌተር።

አንድ ነገር እዚህ ላይ እናስምርበት፤ ሃምሊን ተነሥቶ ቆሞ ነበር። የተመታ ልጅ ሁለት ሦስት እርምጃ ሊራመድ፣ ኳስ ሊለጋ፣ «ደህና ነኝ» ሊል ይችላል። የመጨረሻው ደም አንጎሉ ውስጥ እስኪያልቅ ጥቂት ሰከንዶች አሉት። ከወደቀ በኋላም ዓይኑ ሊፈጥ፣ እጅና እግሩ ሊንዘፈዘፍ፣ እንደሚያንኮራፋ ሰው አልፎ አልፎ በጉሮሮው አየር ሊስብ ይችላል። ይህ መተንፈስ አይደለም፤ የሚጥል በሽታም አይደለም። ክብሪት ጭሮ ማሽተት፣ ውኃ መድፋት፣ ምላሱን እንዳይውጥ ብሎ ማንኪያ መክተት፣ ወጌሻው የቀዝቃዛ ስፕሬይ ጠርሙሱን ይዞ ደረቱ ላይ መርጨቱ ሁሉ ያለቻቸውን ደቂቃ ይበላሉ። ልቡ በዚህ ሁኔታ በቆየባት እያንዳንዷ ደቂቃ፣ ሲፒአር (ደረትን የመጫን እርዳታ) ካልተሠራ፣ የመዳን ዕድሉ ከ7 እስከ 10 በመቶ ይቀንሳል። ከሦስት ደቂቃ በፊት የተረዱትና ከዚያ በኋላ የተረዱት መካከል ያለው ልዩነት ሰፊ ነው።

የሚደረገው ይህ ነው። ትከሻውን መታ መታ አድርጎ ጮክ ብሎ መጥራት፤ ደረቱ በመደበኛ ሁኔታ ይወጣ ይወርድ እንደሆነ ከ10 ሰከንድ ባልበለጠ ጊዜ ማየት። ካልመለሰና በወጉ ካልተነፈሰ የልብ ትርታ ለመፈለግ ሳይቆዩ መጫን መጀመር። አንዱ ሲጭን ሁለተኛው 907 ወይም 939 ይደውላል፣ ሦስተኛው ዲፊብሪሌተሩን ለማምጣት ይሮጣል፣ አራተኛው የግቢው የመኪና በር መከፈቱን አይቶ አምቡላንሱን መንገድ ላይ ይጠብቃል። እነዚህ አራት ሰዎች ከጨዋታው በፊት በስም የታወቁ መሆን አለባቸው፤ ሰው ከወደቀ በኋላ ሥራ ማከፋፈል አይቻልም።

የሚጭነው ሰው ከልጁ ጎን ይንበረከካል። የእጁን ተረከዝ በፍርምባው የታችኛው ግማሽ ላይ ያሳርፋል፣ ሌላውን እጅ ይደርባል፣ ክርኑን ሳያጥፍ ትከሻውን ከእጁ በላይ አድርጎ ቢያንስ 5 ሴንቲ ሜትር፣ ከ6 ሳይበልጥ ይጫናል። ለትንሽ ልጅ የደረቱን ውፍረት አንድ ሦስተኛ ያህል ይበቃል። ፍጥነቱ በደቂቃ ከ100 እስከ 120 ነው፤ በሰከንድ ወደ ሁለት ማለት ነው። ከእያንዳንዱ ጫና በኋላ ደረቱ ሙሉ በሙሉ እንዲመለስ መልቀቅ ግድ ነው፤ ልብ ደም የሚሞላው ያኔ ነውና። ትንፋሽ መስጠት የሠለጠነ ሰው ከ30 ጫና በኋላ 2 ትንፋሽ ይሰጣል፤ ያልሠለጠነ ሳያቋርጥ ይጫን። በየ2 ደቂቃው ሰው ይቀያየር፣ የደከመ እጅ ጥልቀት ያጣል፤ ራሱ የሚጭነው ግን አይታወቀውም።

በብዛት የሚሠራው ስህተት ልጁን በቃሬዛ አንስቶ መሮጥ፣ ወይም በላዳ ታክሲ የኋላ ወንበር አስተኝቶ ወደ ሆስፒታል መክነፍ ነው። ከልብ የመነጨ መቸኮል ነው፣ ነገር ግን በሚሄድ መኪና ወንበር ላይ ደረትን በወጉ መጫን አይቻልም፤ መንገዱ 15 ደቂቃ ከፈጀ ልጁ 15 ደቂቃ ያለ ደም ዝውውር ሄደ ማለት ነው። ሕክምናው የሚጀምረው ሣሩ ላይ ነው።

ኤኢዲ የሚባለው አውቶማቲክ ዲፊብሪሌተር ሲደርስ ክፈቱት፣ የሚናገረውን ስሙ። ደረቱን ከላብና ከዝናብ አድርቁ። አንዱን ፓድ ከፍርምባው ወደ ቀኝ ትከሻው ከሚሄደው አጥንት በታች፣ ሌላውን በግራ ብብቱ በታች በጎኑ ለጥፉ። የአንገት መስቀል ካለ ወደ ትከሻው ገፋ አድርጉት፤ ማተቡን መበጠስ አያስፈልግም። ዕድሜው ከ8 ዓመት በታች ወይም ክብደቱ ከ25 ኪሎ በታች ከሆነ የልጆች ፓድ ይመረጣል፤ ከሌለ የአዋቂውን አንዱን ከፊት አንዱን ከጀርባ መለጠፍ ይቻላል። መሣሪያው ራሱ ልቡን ያነብባል፤ ሾክ የማያስፈልገውን ሰው አይመታም፣ ስለዚህ «ብገድለውስ» የሚለው ፍርሃት ቦታ የለውም። ሾኩ እንደተሰጠ፣ ሰውየው ነቃ ወይስ አልነቃ ብላችሁ ሳትቆሙ፣ ለ2 ደቂቃ መጫን ቀጥሉ።

ፊፋ እ.ኤ.አ. በ2013 ዲፊብሪሌተር ያለበት የድንገተኛ ሕክምና ቦርሳ ለአባል ፌዴሬሽኖቹ ማከፋፈሉን ታውቃላችሁ። ቦርሳ ግን በራሱ አያድንም። ፓዶቹ ብዙ ጊዜ በ2 ዓመት አካባቢ ያልፍባቸዋል፣ ባትሪውም በጥቂት ዓመታት ይለወጣል፤ በየሳምንቱ አረንጓዴ መብራቱን አይቶ የሚፈርም ሰው መኖር አለበት። መሣሪያው ቁልፉ የስቶር ኃላፊው ኪስ ውስጥ ባለ ቁም ሣጥን ከተቀመጠ እንደሌለ ይቆጠራል። ሮጦ ሄዶ አምጥቶ ለመመለስ ከ3 ደቂቃ በታች በሚወስድበት ቦታ፣ በልምምድ ቀንም ጭምር፣ ክፍት ሆኖ መገኘት አለበት። ለውድድር አምቡላንስ ስትጠሩም አንድ ጥያቄ ጠይቁ፦ ውስጡ የሚሠራ ዲፊብሪሌተር አለ ወይ? ከሌለ የቆመላችሁ መኪና ነው። ዳኞችም ከጨዋታው በፊት ከወጌሻዎቹ ጋር ተነጋግረው፣ ደረቱን ተመትቶ ለወደቀና ለማይንቀሳቀስ ተጫዋች የሕክምና ሰው የፊሽካ ፈቃድ ሳይጠብቅ እንዲገባ ይስማሙ።

በአሜሪካ፣ በሜሪላንድና በቨርጂኒያ እየኖራችሁ ልጆቻችሁን ጠንካራ ኳስ በሚወረወርባቸው ላክሮስና ቤዝቦል ያስመዘገባችሁ ወላጆች ይህን ብታነቡት፣ እናንተንም ይመለከታል። የደረት መከላከያ ሁሉ አንድ አይደለም፤ በመዝገቡ ውስጥ መከላከያ ለብሰው የሞቱ ልጆች አሉ። ምክንያቱ ወይ መከላከያው እጅ ሲነሣ ከልብ ላይ ይንሸራተታል፣ ወይ የተሠራው ቁስልን እንጂ ይህን ዓይነት ምት ለመከላከል አይደለም። ኖክሲ የተባለው የአሜሪካ የስፖርት መሣሪያ ደረጃ አውጪ ለኮሞሺዮ ኮርዲስ ተብሎ የወጣ ኤንዲ200 የተሰኘ ደረጃ አለው፤ ምልክቱ ዕቃው ላይ ይኑር። ደረጃውን ያሟላውም ቢሆን አደጋውን ይቀንሳል እንጂ አያጠፋውም፣ ዲፊብሪሌተሩን አይተካም።

አሁን ወደ ድንገተኛ ክፍል እንምጣ። የተለመደው ነገር ይህ ነው፦ ወጣቱ በእግሩ ይገባል፣ ደረቱን አመመኝ ይላል፣ ራጅ ይነሣል፣ ስብራት አይታይም፣ ዲክሎፌናክ ይወጋና ይሸኛል። ጎድሎ የሚቀረው ሁለት ርካሽና ፈጣን ነገር ነው። ጉልህ የደረት ምት ላለበት ሰው ሁሉ 12 መስመር ኢሲጂ ይነሣ፤ የልብ ጡንቻ ሲጎዳ ወደ ደም ለሚወጣው ፕሮቲን፣ ለትሮፖኒን፣ ምርመራ ደም ይላክ። ሁለቱም ንጹሕ ከሆኑ የልብ ጉዳት የለም ብሎ መሸኘት ይቻላል፤ የምሥራቅ አሜሪካ የትራውማ ቀዶ ሐኪሞች ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2012 ያወጣው መመሪያም ይህንኑ ይላል። አንዱ ብቻውን ግን አያረጋግጥም። ታካሚው ከምቱ በኋላ ወዲያው ከደረሰ ትሮፖኒኑ ገና ላይወጣ ስለሚችል ከ4 እስከ 6 ሰዓት ባለው ጊዜ ይደገም። ሲኬ-ኤምቢ የተባለውን የደም ምርመራ ለዚህ አትጠቀሙበት፤ የተመታ የደረት ጡንቻም ስለሚያወጣው ያሳስታል።

ኢሲጂው ላይ የምት መዛባት፣ የኤስቲ ለውጥ፣ የኤሌክትሪክ መስመር መዘጋት፣ ወይም ህመሙና የደም መፍሰሱ የማያብራሩት ፈጣን ምት ካለ፣ ወይም ትሮፖኒኑ ከፍ ካለ፣ ታካሚው ሞኒተር ላይ ከ24 እስከ 48 ሰዓት ይቆይ። የደም ግፊቱ ከወረደ ወይም አዲሱ የምት መዛባት ካልለቀቀ ኢኮ (የልብ አልትራሳውንድ) ይሠራ። ፍርምባ መሰበሩ ብቻውን፣ ኢሲጂና ትሮፖኒን ንጹሕ ከሆኑ፣ የልብ ጉዳት ምልክት አይደለም፤ ፍርምባው አለመሰበሩም ልቡ ደህና ነው ማለት አይደለም። ትሮፖኒን በሌለበት ሆስፒታል ኢሲጂውን ደጋግሞ ማንሣትና ታካሚውን ሞኒተር ላይ ማቆየት፣ ይህም ካልተቻለ ወደ ሌላ ሆስፒታል መላክ ነው እንጂ በአንድ ንጹሕ ኢሲጂ መሸኘት አይበቃም።

አልትራሳውንድ በእጃችሁ ካለ ከሆድ በፊት ከፍርምባው ጫፍ በታች አድርጋችሁ ልቡን እዩ። በልብ ሽፋን ውስጥ ደም ካለ፣ የወጣት የደም ግፊት ለረጅም ጊዜ ይቋቋማል፣ ከዚያ በአንዴ ይወድቃል። የአንገት ደም ሥር መወጠር፣ የደከመ የልብ ድምፅና የግፊት መውረድ ሦስቱም ተሟልተው እስኪመጡ መጠበቅ አያስፈልግም፤ ብዙ ደም የፈሰሰው ሰው አንገቱ ላይወጠር ይችላል። እንዲህ ያለውን ታካሚ የመተንፈሻ ቱቦ ለማስገባት ማደንዘዣ መስጠት፣ ደሙ ሳይወጣ፣ ልቡን ሊያቆመው ይችላል። ከፍተኛ ፍጥነት ባለው ግጭት ውስጥ ደግሞ በራጁ ላይ የደረት መሐል ሰፍቶ ከታየ ትልቁን የደም ሥር፣ አኦርታን፣ አስቡ፤ ሲቲ ከንፅፅር መድኃኒት ጋር ይጠየቅ።

ለአገራችን ሐኪሞች ልዩ ትኩረት የምንሻው ከዚህ ቀጥሎ ባለው ላይ ነው። በምት የተበጠሰ የቫልቭ ክር፣ በተለይ በቀኝ በኩል ባለው ትራይከስፒድ ቫልቭ ላይ ሲሆን፣ ለወራት አንዳንዴም ለዓመታት ዝም ሊል ይችላል። ከዚያ እግር ያብጣል፣ ጉበት ያድጋል፣ ትንፋሽ ያጥራል። አገራችን የሩማቲክ የልብ ሕመም የበዛበት ስለሆነ፣ ልቡ ላይ ድምፅ የተሰማበት ወጣት ሁሉ «ሩማቲክ» ተብሎ የወር መርፌ ይጀመርለታል። ኢኮው ላይ መለያው አለ። ሩማቲኩ ቫልቭ የወፈረ፣ እንቅስቃሴው የታሰረ፣ ማዕዘኑ የተጣበቀ ነው፤ በምት የተበጠሰው ስስ ነው፣ አንዱ ቅጠሉ ወደ ላይኛው ክፍል ይገለበጣል፣ የተቆረጠው ክር ሲወዛወዝ ይታያል። መጠየቅ ያለበት ጥያቄ ደግሞ አንድ ነው፦ «ከዚህ በፊት ደረትህን ተመትተህ፣ የመኪና አደጋ ደርሶብህ ታውቃለህ?» ይህ ጥያቄ በልብ ክሊኒክ ካርዶች ላይ በቋሚነት እንዲታተም እንጠይቃለን።

ከድንገተኛ ክፍል ለሚሸኝ እያንዳንዱ ደረቱን የተመታ ወጣት በአማርኛ፣ ወይም በሚያነበው ቋንቋ፣ አጭር ወረቀት ይሰጠው። ወረቀቱ እንዲህ ይበል፦ ራስህን ከሳትክ ወይም ሊያዞርህ ከፈለገ፣ ልብህ ያለ ምክንያት በፍጥነት ከመታ ወይም ምት ከዘለለ፣ ተኝተህ መተንፈስ ካቃተህ፣ የደረትህ ሕመም ወደ መንጋጋህ ወይም ወደ ክንድህ ከሄደ፣ እግርህ ካበጠ፣ ቀኑም ሌሊቱም ቢሆን ተመለስ። ደረትህን በወጌሻ አታሳሽ። ከ1 እስከ 2 ሳምንት ባለው ጊዜ ለክትትል ና። በዚያ ቀን የሚያየው ሐኪም የግድ ልቡን እንደገና በጆሮ ያዳምጥ፤ በመጀመሪያው ቀን ያልነበረ ድምፅ ሊኖር ይችላልና።

ወደ ሜዳ ስለመመለስም አሰልጣኞች ብዙ ይጠይቁናል። ልቡ ቆሞ የተመለሰ ልጅ ሜዳው ላይ ቢያወራና ቢስቅም በዚያው ቀን ሆስፒታል ይገባል፤ ምቱ እንደገና ሊዛባ ይችላል። ከዚያ ኢሲጂ፣ ኢኮ፣ የ24 ሰዓት የምት ቅጂና የእንቅስቃሴ ፈተና፣ ከተቻለም የልብ ኤምአርአይ ይሠራለታል። ዓላማው ቀድሞ የነበረ የጡንቻ ወይም የኤሌክትሪክ ሕመም፣ ለምሳሌ ረጅም ኪውቲ ወይም ብሩጋዳ፣ አለመኖሩን ማረጋገጥ ነው። ምንም ካልተገኘ ሊጫወት ይችላል። የልብ ጡንቻው የተቀጠቀጠ ከሆነ ግን ኢሲጂው፣ ትሮፖኒኑና ኢኮው ወደ ነበሩበት ሳይመለሱ፣ የምት መዛባትም እንደሌለ ሳይታይ ልምምድ የለም። ይህን የሚወስነው የልብ ሐኪሙ በጽሑፍ ነው። የቡድኑ መሪ፣ የደረጃው ሰንጠረዥ ወይም የልጁ ጉጉት አይወስነውም፤ አሰልጣኙም ወረቀቱን ሳያይ ስሙን በአሰላለፍ ላይ አያስገባ።

ከአክብሮት ጋር፣
በድንገተኛና በልብ ሕክምና ላይ የምንሠራ ባለሙያዎች